የነባር መኪናዎች የፊት መስታወት አገጣጠም ጥንቃቄ ይሻል

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዛሬም ድረስ አገልግሎት በመስጠት ላይ ከሚገኙት ነባር መኪናዎች መካከል በተለምዶ «ቮልስ» በመባል የሚታወቀው ቮልስዋገን ቢትል ይጠቀሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና እንደነበር ይታወሳል። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ መኪና ምርቱ ሙሉ በሙሉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ነው።

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጅ የሚገኘውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ለነባር መኪናዎች ከሚደረጉት ጥገናዎች መካከል ቀላል መስሎ የሚታየው ግን ብዙ ጥፋት የሚከተለው የፊት መስታወት መቀየር ነው። በአግባቡ ያልተገጠመ መስታወት ጉዳቱ ወዲያውኑ አይታይም። ክረምት ሲገባ ውኃ ያስገባል፣ ላሜራውን ከሥር ያዝጋል፣ ውሎ አድሮም መስታወቱን ይሰነጥቃል።

የዘመናችን መኪናዎች የፊት መስታወት ከመኪናው አካል ጋር በጠንካራ ማጣበቂያ የሚያያዝ ሲሆን ለጣሪያው ጥንካሬ ጭምር አስተዋጽኦ ያደርጋል። በቮልስዋገን ቢትልና በዘመኑ በነበሩት አብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ግን መስታወቱን የሚይዘው ዙሪያውን የሚከበው ጎማ ብቻ ነው። ጎማው ሁለት ዋና ዋና ጎድጓዳ መስመሮች አሉት። አንደኛው መስታወቱን፣ ሁለተኛው የመኪናውን የላሜራ ጠርዝ ያቅፋል። በመሆኑም የሥራው ውጤት የሚወሰነው በመስታወቱ ብቻ ሳይሆን በጎማውና በላሜራው ጠርዝ ደህንነት ጭምር ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው የመስታወቱ ዓይነት ነው። በበርካታ ነባር መኪናዎች ላይ የተገጠመው በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት ሲሆን፣ ሲመታ በአንድ ጊዜ ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ይለወጣል። ስብርባሪው እንደ ተራ መስታወት የሚቆርጥ ባይሆንም አሽከርካሪው በጉዞ ላይ ሳለ እይታውን በቅጽበት ያጣል። ሁለተኛው ዓይነት በሁለት መስታወቶች መካከል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን በማስገባት የሚሠራው ድርብ መስታወት ነው። የዚህ ሐሳብ መነሻ የሆነውን ግኝት ፈረንሳዊው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ እ.ኤ.አ. በ1909 በፈጠራ ባለቤትነት አስመዝግቧል። ድርብ መስታወት ሲመታ ቢሰነጠቅም ስብርባሪው ከሽፋኑ ጋር እንደተጣበቀ ስለሚቆይ አሽከርካሪው መንገዱን እያየ መኪናውን ለማቆም ያስችለዋል። ስለሆነም የፊት መስታወት በሚቀየርበት ጊዜ ድርብ መስታወት መምረጥ ተገቢ ነው።

ጥራቱን ለማረጋገጥ በመስታወቱ ጥግ ላይ የሚገኘውን ምልክት ማንበብ ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 43 የመኪና መስታወትን ደህንነት የሚመለከት ነው። ደንቡን ያሟላ መስታወት በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። ለምሳሌ 1 ቁጥር ጀርመንን፣ 2 ቁጥር ፈረንሳይን፣ 3 ቁጥር ጣሊያንን ይወክላል። የሮማውያን ቁጥር ሁለት ደግሞ መስታወቱ ድርብ መሆኑን ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትክክለኛውን ልክ የማወቅ ጉዳይ ነው። ሁሉም ቮልስዋገን ቢትል አንድ ዓይነት መስታወት የለውም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1957 የፊት መስታወቱ እንዲሰፋ ተደርጓል። በኦገስት 1964 እንደገና ሰፍቶ በመጠኑ ጎበጥ ያለ ሆኗል። በ1972 የወጣው 1303 የተባለው ሞዴል ደግሞ ከሌሎቹ በጣም የጎበጠ መስታወት ተገጥሞለታል። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በኦገስት ወር በመሆኑ በ1964 መጨረሻ የተመረተ መኪና የ1965 ሞዴል ነው። በሊብሬው ላይ ያለውን ዓመት ብቻ አይቶ መስታወት ማዘዝ ስለሚያሳስት ከኋላ ወንበር ሥር ከተቀረጸው የሻንሲ ቁጥር ጋር ማመሳከር ያሻል።

ከ1964 በፊት ለተመረቱት መኪናዎች ዝርግ ድርብ መስታወት በልኩ ተቆርጦ ጠርዙ ከተሞረደ በኋላ ሊገጠም ይችላል። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ግን ከተመረተ በኋላ ሊቆረጥ አይችልም፤ ለመቁረጥ ሲሞከር ይበተናል። ለጎበጠ ቦታ ዝርግ መስታወት አስገድዶ መግጠም ደግሞ መስታወቱ ዘወትር በውጥረት ላይ እንዲቆይ ስለሚያደርገው በመንገድ ንቅናቄ ይሰነጠቃል።

አሮጌው መስታወት የሚወጣው በካቻቢቴ በመፈልቀቅ ሳይሆን ጎማውን በስለት ቆርጦ በማስወገድ ነው። የተቆረጠውን ጎማ መልሶ መጠቀም ስለማይቻል አዲሱ ጎማ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ ሳይቆረጥ ቢወጣም እንኳ ውኃ ስለሚያሳልፍ ከአዲስ መስታወት ጋር ሊገጠም አይገባም።

መስታወቱ ከወጣ በኋላ የላሜራው ጠርዝ ዙሪያውን ይመረመራል። ዝገት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውኃ በሚጠራቀምባቸው የታችኛው ክፍል ሁለት ጥጎች ላይ ነው። የዛገው ቦታ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ይኖርበታል። ላሜራው ተበልቶ ከሆነ ቦታው ተቆርጦ በብየዳ በአዲስ ላሜራ ይተካል እንጂ በስቱኮ አይደፈንም። ስቱኮ የጠርዙን ውፍረት ስለሚጨምር ጎማው በትክክል አይቀመጥም፣ መስታወቱም በአንድ ነጥብ ላይ ጫና ያርፍበታል። አዲስ የተገጠመ መስታወት ያለ ምንም ምት ከጥጉ ጀምሮ ሲሰነጠቅ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የጎበጠ ወይም ያበጠ የላሜራ ጠርዝ ነው።

የመግጠሙ ሥራ ሁለት ሰው የሚጠይቅ ሲሆን ጎማው በፀሐይ ሲሞቅ ስለሚለሰልስ ሞቃት ሰዓት ይመረጣል። በመጀመሪያ ጎማው በመስታወቱ ዙሪያ ይለበሳል። የሚያብረቀርቀው የብረት ጌጥ ካለም መስታወቱ መኪናው ላይ ከመቀመጡ በፊት በጎማው ላይ ይገባል። ቀጥሎ አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጠንካራ ገመድ ላሜራውን በሚያቅፈው የጎማ መስመር ውስጥ ዙሪያውን ተደርጎ ሁለቱ ጫፎች በታችኛው ክፍል መሐል ላይ ተሻግረው እንዲንጠለጠሉ ይደረጋል።

ከዚያም ጎማው በሳሙና ውኃ ረጥቦ መስታወቱ ከውጭ በቦታው ይቀመጣል። ዘይትና ግራሶ ጎማውን ስለሚጎዱ በሳሙናው ምትክ መዋል የለባቸውም። አንደኛው ሠራተኛ ከውስጥ ሆኖ ገመዱን ቀስ በቀስ ሲስብ የጎማው ከንፈር ላሜራውን እየተሻገረ ይገባል። ሁለተኛው ሠራተኛ ገመዱ በሚወጣበት ቦታ ትይዩ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል። በቡጢ መምታት ወይም አንዱን ጥግ ብቻ መጫን ድርብ መስታወትን ይሰነጥቃል። ገመዱ እምቢ ካለ መፍትሔው ጉልበት ሳይሆን መስታወቱን አውጥቶ መሐሉን እንዲጠብቅ አድርጎ እንደገና መጀመር ነው።

አንዳንድ ጋራዦች ውኃ እንዳይገባ በማለት ጎማውን በሲሊኮን ያጣብቃሉ። ሆምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ አሲድ ስለሚያወጣ ያልተቀባ ብረትን ያዝጋል። በተጨማሪም መስታወቱ በሌላ ጊዜ ሳይሰበር እንዳይወጣ ያደርጋል። በላሜራውና በጎማው መካከል ማሸጊያ ማስገባት ካስፈለገ የማይደርቅ የመኪና መስታወት ማስቲሽ መጠቀም ይገባል።

ሥራው መጠናቀቁ የሚረጋገጠው በውኃ ነው። አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከውጭ ለጥቂት ደቂቃዎች ውኃ ከላይ ወደ ታች ማፍሰስና የታችኛውን ጥጎች፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያሉትን የኤሌክትሪክ ሽቦዎች እንዲሁም የወለሉን ምንጣፍ መመልከት ያስፈልጋል። በምንጣፍ ሥር የተኛ ውኃ በጥቂት ክረምቶች ውስጥ የመኪናውን ወለል ሊበላው ይችላል።

ነባር ተሽከርካሪዎች በሚገኙባቸው መሥሪያ ቤቶች የጥገና ሥራ የሚያዙ ኃላፊዎች በግዢ መጠየቂያው ላይ «የፊት መስታወት» ብለው ብቻ ከመጻፍ ይልቅ የመስታወቱን ዓይነት፣ የጥራት ምልክቱን፣ የሞዴሉን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን እንዲሁም አዲስ ጎማን አካተው መግለጽ ይኖርባቸዋል። የርክክብ ሰነድም የላሜራው ጠርዝ ከመገጠሙ በፊት ታይቶ፣ የውኃ ሙከራው ከተካሄደ በኋላ ቢፈረም የመሥሪያ ቤቱን ንብረት ከብክነት፣ የአሽከርካሪውንና የተሳፋሪዎችን ሕይወት ደግሞ ከአደጋ ለመጠበቅ ያስችላል።