የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ አሠለጣጠን በብሪታንያ

የሙዚቃ ሕክምና ከሙዚቃ ትምህርት የሚለየው በዓላማው ነው። መምህሩ ሕፃኑ ዜማውን አጥንቶ እንዲጫወት ይጥራል፤ የሕክምናው ባለሙያ ግን መናገር የተሳነው ሕፃን ከበሮ ሲመታ ምቱን ተቀብሎ በፒያኖ ይመልስለታል፤ በዚህም መግባባት ይጀመራል።

ለዚህ ሙያ የሚያበቃ የድኅረ ምረቃ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1968 በለንደኑ ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት በጁልየት አልቪን ተቋቋመ። ዛሬ የሚጠየቀው የማስተርስ ዲግሪ ሲሆን፣ የሙሉ ጊዜ ትምህርቱ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል። አመልካቹ አስቀድሞ በሙዚቃ የተካነ መሆን አለበት። ሠልጣኙ በሆስፒታልና በልዩ ትምህርት ቤት በተቆጣጣሪ ሥር ይለማመዳል፤ በግሉም የሥነ ልቦና ሕክምና ይከታተላል፤ የራሱን ስሜት ያልለየ የሌላውን ሊያዳምጥ አይችልምና። የሙያው መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይፈቀድለትም።

ስለዚህም መልካም የሙዚቃ መምህርነት ለሥልጠናው መነሻ እንጂ ምትክ አይደለም።