ሶላሩ አለ፤ ባትሪውስ?

ከከተማ ወጣ ብሎ በገጠር መንገድ የተጓዘ ሰው በቆርቆሮውም በሣር ክዳኑም ላይ የሶላር ፓኔል ማየት ብርቅ አይሆንበትም። ፓኔሉ አቧራው ከተጠረገለት 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ከእሱ በሚወርደው ሽቦ ጫፍ፣ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ባትሪ ግን ይህን ያህል ዕድሜ የለውም። ለብዙ ዓመታት በስፋት ሲተከል የኖረው የሊድ አሲድ ባትሪ በደህና አያያዝ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢያገለግል ነው። ማታ ማታ ሙጥጥ እስኪል ከተሠራበት ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ሙቀትም ጠላቱ ነው፤ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እንደ አፋር ባለ ቆላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ባትሪው ሲሞት ፓኔሉ ቀን ቀን ማመንጨቱን አያቆምም፤ ማታ ግን ቤተሰቡ ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

የሀገራችን የፀሐይ ኃይል ችግር የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ስናወራ የኖርነው ስለተተከለው ፓኔል ብዛት ነው፤ ከ3 ዓመት በኋላ ማታ የሚበራው ስንቱ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን።

በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 መላው ሕዝብ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በአብዛኛው ከፀሐይ እንዲያገኝ። ቀኑ ደርሶ አለፈ፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዛሬም ጨለማ ውስጥ ነው።

ትልልቆቹ ፕሮጀክቶችም አልቀናቸውም። የመተሐራው 100 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለጣሊያኑ ኩባንያ ኢነል ተሰጥቶ በታሰበው ጊዜ ሥራ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቼቶና በሶማሌ ጋድ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎች ሊገነባ ጨረታ ሲያሸንፍ፣ ያቀረበው ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዚያ ጊዜ በአፍሪካ ከታዩት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች አንዱ ነው። ፀሐይ ውድ ናት የሚለው ክርክር ያኔ ማብቃት ነበረበት። ፕሮጀክቶቹን ያስቸገረው ሌላ ነው፤ ባለሀብቱ በብር የሚሰበስበውን ገቢ በምን ዋስትና ወደ ዶላር ይለውጣል የሚለው ጥያቄ።

ይህን ሁሉ ይበልጥ የሚያስቆጨው ትልቁ የኃይል ማጠራቀሚያ በእጃችን መሆኑ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። ቀን ፀሐይ በምታመነጭበት ሰዓት ተርባይኖቹ ቢቀንሱ፣ ያልፈሰሰው ውሃ ለማታ ይቆያል። ወቅቱም ይደጋገፋል፤ ክረምት ሰማዩ ሲጠቁር ግድቦቹ ይሞላሉ፣ በጋ ወንዞች ሲቀንሱ ፀሐይዋ ትበረታለች። ከውጭ አንድ ባትሪ ሳይገዛ የፀሐይን ኃይል ለሌሊት ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው። በውሃ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል በግንቦት 2011 ዓ.ም. አይተነዋል። የግልገል ጊቤ ሦስት ውሃ ሲቀንስ 476 ሜጋ ዋት ጎድሎ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ተቋረጠ።

መስመር የማይደርስበት መንደር ግን ግድቡን ሊጠብቅ አይችልም። እዚያ ባትሪ ያስፈልጋል፣ ባትሪ ደግሞ በዶላር ይመጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የባትሪው መተኪያ ጊዜ በዚያ ወር የደረሰበት ገበሬ ምን እንዳጋጠመው መገመት ነው። እርግጥ ነው፣ የሊቲየም ባትሪ በዓለም ገበያ እጅግ ረክሷል፤ ዕድሜውም እስከ 10 ዓመት ይዘልቃል። ዋጋው ግን ዛሬም አንድ ጊዜ መከፈል አለበት፣ ገበሬው ደግሞ ገንዘብ የሚያየው በመኸር ነው።

የጤና ኬላዎች ማቀዝቀዣ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ቀድሞ በሶላር የሚሠራው የክትባት ፍሪጅ ባትሪ ያስፈልገው ነበር፤ ባትሪው ሲበላሽ ክትባቱም አብሮ ይበላሽ ነበር። አሁን የሚመጡት ከፓኔሉ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ናቸው። ቀን በፀሐይ ውስጣቸው ያለውን ውሃ በረዶ ያደርጋሉ፣ ማታ በረዶው ክትባቱን ያቀዘቅዛል፤ ፀሐይ ለ3 ቀን ብትጠፋ እንኳ ይቋቋማሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የምትገዛው ባትሪ የለም፤ የተጠራቀመው በረዶ ነው። የመስኖ ፓምፕም እንዲሁ ነው፤ ቀን የተሳበ ውሃ በታንከር ውስጥ ይጠብቃል።

ብልሽትን የሚጠግን ሰውስ? በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለች መንደር ከዓመታት በፊት ለቤቶቹ ሶላር ሲተከል የቴክኒሺያን ማሠልጠኛም አብሮ ተከፍቶ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ በየወረዳው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሊደገም ይገባዋል።

ውል ለሚፈርሙት የመንግሥት ኃላፊዎችና ለለጋሾች የምለው አንድ ነው፦ የመተኪያ ባትሪው ዋጋና የጥገናው ሰው ደመወዝ በጀት ያልተያዘለት የገጠር ሶላር ፕሮጀክት ከእንግዲህ አትፈርሙ።