ያምሻል ወይ?

ሴትዮዋ የመጣችው በደብረ ወርቅ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ከአንዱ ነው። ዕድሜዋ ከአርባ ብዙም አልዘለለም። ነጠላዋን ሳታወርድ፣ በቀኝ እጇ ግራ ጡቷን ደግፋ ተቀመጠች። ሲታይ ቆዳው ሰርጉዷል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ በብብቷ ሥር ያሉት ዕጢዎች ተያይዘው ሲነኩ አይንቀሳቀሱም። መቼ እንደጀመራት ስትጠየቅ አላመነታችም። ያለፈው ዓመት የጤፍ አጨዳ ሰሞን፣ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ነገር በጣቷ ነክታለች። ለምን እንደቆየች ስትጠየቅም መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ «አይቆረጥመኝ፣ አያቃጥለኝ፤ ሥራ አላስፈታኝም። ምን ብዬ ልምጣ እታለም?»

የሚያስቆጨው ቀጥሎ የተናገረችው ነው። እብጠቱ ገና ትንሽ ሳለ፣ ልጅ ለማስከተብ በሄደችበት አንድ የጤና ተቋም አሳይታው ነበር። የተጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያምሻል ወይ?» አያመኝም አለች። «እንግዲያው አይዞሽ፣ ካመመሽ ትመጫለሽ» ተብላ ተሸኘች። እንደተባለችው አደረገች፤ ሲያማት መጣች።

የገጠር ሴቶችና የጡት ካንሰር በተነሣ ቁጥር፣ በየስብሰባውና በየሪፖርቱ መጀመሪያ የሚሰማው «የግንዛቤ እጥረት» ነው። እጥረቱ እውነት ነው፤ ስለ በሽታው አንድም ቀን ሰምታ የማታውቅ ሴት ብዙ ናት። ግን ይህቺ ሴት እብጠቱን ራሷ አግኝታዋለች፣ የተገኘበትን ወቅት አስታውሳለች፣ ለባለሙያም አሳይታለች። ያዘገያት በሽታን በሕመም የሚለካ ልማድ ነው። ልማዱም የእሷ ብቻ አይደለም። ጋውን የለበሰውም፣ መዝገብ የሚሞላውም፣ ሪፈር የሚጽፈውም ይጋራዋል። ለሴቶቹ ትምህርት ይሰጥ የሚለውን መስማት የሚያታክተው ለዚህ ነው፤ ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከጠረጴዛው ወዲህ ማዶ ካለው የባለሙያው ወንበር ነው።

የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ጡት የሚያመው በወር አበባ ሰሞን ነው፣ ወተት ሲቋጠር ነው፣ ሲመግል ነው። አብዛኛው የጡት ሕመም ካንሰር አይደለም። እናም «ያምሻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በር ላይ ቆሞ የሚያጣራው ተገልብጦ ነው፤ እያቃሰተች የመጣችውን ያስገባል፣ ምንም ያልተሰማትን ይመልሳል። በደጋው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ አርማና አጭዳ የምታድር ሴት የወገብና የትከሻ ሕመምን ከቁብ አትቆጥረውም። እሷ ዘንድ በሽታ የሚባለው አልጋ ላይ የሚጥለው ነው። ምንም ሕመም የሌለው እብጠት ይዛ፣ የአንድ ቀን ሥራ ጥላ፣ ጤና ጣቢያ ድረስ የምትሄድበት ምክንያት ማን ነገራት?

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመቱ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉት ሞተዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ከ1,000 በላይ ሴቶችን ተከታትሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሽታው ገና ወደ ሌላ አካል ባልተሠራጨባቸው ሴቶች ላይ እንኳ ዕጢው ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ደርሶ እንደነበር ያሳያል። የሴቶቹ ዕድሜ አማካይ 43 ገደማ ነበር። 5 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ዕጢ እጅ ሳይነካው አይቀርም። ብዙዎቹ ነክተውት ሕመሙን ጠብቀው ይሆናል።

«ቢላ ከነካው ይብሳል» የሚለው ወሬም የሚነሣው ከዚሁ መጠበቅ ነው። ሕመሙን ጠብቃ የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላት በሽታው ከብብት አልፎ ሳንባና ጉበት ከነካ በኋላ ነው። ቤቷ ተመልሳ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። ጎረቤት ያየው ቀዶ ጥገናውንና ቀብሩን ነው፤ በመካከሉ የባከነውን ዓመት ማን ቆጠረው? የሚቀጥለዋ ሴት ይህን አይታ ትሸሻለች፤ ጠበል ሄዳ ትቆያለች፣ ሕመም ሲጸናባት ትመጣለች፣ እሷም ትሞታለች፣ ወሬው ይጠነክራል። ጠበሉን መውቀስ ግን አያስፈልግም፤ ጠበሉንም ሕክምናውንም አብረው የሚይዙ ብዙ አሉ፣ ካህናቱም ሲነገራቸው ይመክራሉ።

የተለመደው መፍትሔ ሴቶች በየወሩ ጡታቸውን ራሳቸው እንዲፈትሹ በፖስተር ማስተማር ነው። ሻንጋይ ውስጥ ከ266 ሺህ በላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ግማሾቹን ይህንኑ በደንብ አስተማረ። ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል የሞት ልዩነት አልታየም። ዘዴውን ማወቅ ብቻውን ሞትን አልቀነሰም። ሙምባይ ላይ ግን ሠልጥነው በየሁለት ዓመቱ የሴቶችን ጡት በእጃቸው የመረመሩ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ሠራተኞች፣ በሽታውን ቀደም ባለ ደረጃ አግኝተውታል፤ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድም ሞቱ በ30 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከሱዳን ገዚራ የተገኘው ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው። የመንደር በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ሠልጥነው ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችን መረመሩ፤ ለክትትል የሚያበቃ ነገር የተገኘባቸው 138 ብቻ ሲሆኑ ካንሰር የተገኘባቸው ከ20 ያንሳሉ። «ሁሉንም ከላክን ሆስፒታሉ ይጨናነቃል» ለሚሉ የሥራ ባልደረቦች ይህ ቁጥር በቂ መልስ ነው።

የጡት ራጅ (ማሞግራፊ) ደብረ ወርቅ እስኪደርስ መጠበቅም አያስፈልግም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሴት ባለሙያዎችን አስቀምጧል። ለማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ጤና ጣቢያ ይጠራሉ። ለዚሁ ምርመራ የተጠራች ሴት ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ላይ ከወጣች በኋላ፣ በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ሆድ ከአንገት አጥንቷ እስከ ጡቷ ሥር፣ ከደረቷ መሐል እስከ ብብቷ መዳሰስ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህ ሳይደረግ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ማየት ያበሳጫል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እብጠቱ ለባለሙያ ከታየበት ቀን ጀምሮ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይላል። ከደብረ ወርቅ ናሙና ለመስጠት፣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለኬሞቴራፒ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ መሄድ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአካባቢው ባለው ጦርነት ደግሞ መንገዱ አንዱን ቀን ተከፍቶ ሌላውን ቀን ይዘጋል። ለዚያ ጉዞ በሬ ወይም በግ የሚሸጠው ባል ነው፤ እሱም ከመሸጡ በፊት የሚጠይቀው «ያማታል ወይ?» ብሎ ነው። ስለዚህ የማያም እብጠት ሳይውል ሳያድር መታየት እንዳለበት በሴቶች ስብሰባ ብቻ ሳይሆን በዕድሩና በማኅበሩ ላይ፣ ወንዶቹ በተቀመጡበት መነገር አለበት።