ሻንጣችን የት ያድራል?
በመካከል አዳር ስላለው የአይሮፕላን ጉዞ

በየዓመቱ ከመካከላችን ጥቂቶች ለትምህርት፣ ለስብሰባ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ባሕር ማዶ ይጓዛሉ። የተማሪ ኪስ የታወቀ ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ርካሹ ቲኬት ነው፤ ርካሹ ቲኬት ደግሞ ብዙ ጊዜ በመካከል አንድ ከተማ ላይ የሚያሳድር ነው። ተጓዡ ስለ ገንዘቡ ያስባል፣ ስለሚሄድበት አገር ቪዛም ይጨነቃል። ነገር ግን እናት በሽሮና በበርበሬ የሞላችው ሻንጣ በዚያች ሌሊት የት እንደሚያድር፣ እርሱ ራሱም ከኬላው ወዲህ ወይስ ወዲያ እንደሚያድር አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰው ነገር ነው። ወደ ካናዳ ለትምህርት ሲሄድ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ገዛ፤ አንዱ ከአዲስ አበባ እስከ አንዲት የአውሮፓ ከተማ፣ ሁለተኛው ከዚያች ከተማ በሌላ ኩባንያ እስከ ካናዳ። በመካከሉ አንድ ሌሊት ነበረ። ሻንጣውን ሲያስረክብ የተለጠፈበት ወረቀት የአውሮፓዪቱን ከተማ ብቻ የሚያመለክት ነበር፤ እርሱም ቁራጩን ሳያነብ ኪሱ ከተተው። ማታ ሲደርስ ሻንጣው ከፓስፖርት መመርመሪያው ማዶ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይሽከረከራል፤ እርሱ ግን ወደዚያ የሚያሻግር ቪዛ ስለሌለው ከወዲህ ወንበር ላይ ተጋድሞ አደረ። በማግስቱ የመሳፈሪያ ወረቀቱን ቀደም ብሎ በስልኩ አውጥቶ ስለ ነበረ ያለ ሻንጣ ተሳፈረ። ካናዳ ሲደርስ የኬላው ሹም በመጀመሪያ የጠየቀው ዩኒቨርሲቲው የተቀበለበትን ደብዳቤና የትምህርት ፈቃዱን ማስታወቂያ ነው። ሁለቱም ሻንጣው ውስጥ ነበሩ! ፎቶግራፍ አንሥቷቸው ስለ ነበረ ከብዙ ሰዓት ጥበቃ በኋላ ተፈቀደለት። ሻንጣው ግን የደረሰው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው? የመጀመሪያው ኩባንያ ሻንጣውን በውሉ መሠረት እስከ ተዋዋለበት ከተማ አድርሷል። ሁለተኛው ኩባንያ ሻንጣውን አልተረከበም። ስለዚህ ኃላፊነቱ በተጓዡ ጫንቃ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ሰውና ሻንጣ በተለያየ መንገድ ስለ መሄዳቸው

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የአየር ጣቢያው አሠራር ነው። ከውጭ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያ የፓስፖርት ምርመራውን ያልፋል፤ ቀጥሎ ሻንጣውን ይቀበላል፤ በመጨረሻ በጉምሩክ በኩል ይወጣል። ቅደም ተከተሉ በአብዛኞቹ አገሮች ይኸው ነው። ከፓስፖርት ምርመራው ወዲህ ያለው ስፍራ የመሸጋገሪያ ክልል ይባላል፤ በዚያ የቆየ ሰው በሕግ ዓይን ወደ አገሩ ገና አልገባም። እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ ሻንጣውን በመካከል ለመቀበል የሚገደድ ሰው ወደ አገሩ ለመግባት ይገደዳል፤ ለመግባት የሚገደድ ደግሞ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልገዋል። በመሆኑም «ቪዛ ያስፈልገኛልን?» ከማለት በፊት «ሻንጣዬ የት ይወርዳል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በሻንጣው ላይ በሚታሰረው ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ በትልቁ የሚታዩት ሦስት የላቲን ፊደላት ሻንጣው የሚወርድበትን አየር ጣቢያ ያመለክታሉ፤ ለምሳሌ ኤ-ዲ-ዲ አዲስ አበባ፣ ኤፍ-አር-ኤ ፍራንክፈርት ነው። ከነርሱ ጋር ሻንጣው የሚታወቅበት ባለ 10 አኃዝ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ለተጓዡ በሚሰጠው ቁራጭ ላይም ይገኛል። ፊደላቱ የመጨረሻውን ከተማ ካመለከቱ ሻንጣው በአየር ጣቢያው እጅ ያድራል፤ የመካከለኛውን ከተማ ካመለከቱ ግን እዚያው ይወርዳል። ይህን ማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስሕተት ቢገኝም ሊታረም የሚችለው ሻንጣው በተሸካሚው ቀበቶ ላይ ከመሄዱ በፊት ነው።

ሻንጣ እስከ መጨረሻው እንዲላክ ጉዞው በአንድ ቲኬት መሆኑና ኩባንያዎቹ ሻንጣ ለመቀባበል ስምምነት ያላቸው መሆኑ ይረዳል። ቲኬቱ ሁለት ከሆነ ስምምነት ቢኖርም እንኳ ብዙ ኩባንያዎች እንቢ ይላሉ። በመካከል ያለው ጊዜም ከ24 ሰዓት ካለፈ እንደ ዕረፍት ጉዞ ስለሚቆጠር ሻንጣው አብዛኛውን ጊዜ በመካከል ይወርዳል። በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንዱ አየር ጣቢያ ወደ ሌላው መሻገር ያለበትም፣ ለምሳሌ በለንደን ከሂትሮው ወደ ጋትዊክ፣ እንደዚሁ ሻንጣውን ራሱ ተቀብሎ መሄድ ይኖርበታል ብሎ ያስብ።

አንዳንዱ ሰው «ሻንጣዬን በመካከል አውጡልኝ» ወይም «እርሱ ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ» ቢል ለምን እንቢ እንደሚባል ይገርመዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1985 አንድ ሰው በቫንኩቨር ሻንጣውን አስረክቦ ራሱ ሳይሳፈር ቀረ፤ ሻንጣው በቶሮንቶ ወደ ኤር ኢንዲያ አይሮፕላን ተሻገረ፤ ውስጡ ያለው ቦምብም በአየርላንድ አጠገብ ፈንድቶ 329 ሰዎች ሞቱ። ባለቤቱ ያልተሳፈረበት ሻንጣ ከአይሮፕላን ይወርዳል የሚለው ጥብቅ ሥርዓት የተስፋፋው ከዚህና ይህን ከመሰለ ጥፋት በኋላ ነው።

ስለ አውሮፓና ስለ አሜሪካ

ሥርዓቱ በየአገሩ ይለያያል። በዶሃና በዱባይ በአንድ ቲኬት የሚያልፍ ተጓዥ ሻንጣው ሳይነካ፣ እርሱም ቪዛ ሳይጠይቅ በመሸጋገሪያው ክልል ሊያድር ይችላል፤ በሁለቱም ጣቢያዎች በክልሉ ውስጥ ሆቴል አለ። በአውሮፓ ግን ነገሩ ይጠብቃል። የሸንገን አገሮች ዛሬ 29 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቪዛ ሕጋቸው በአየር ጣቢያ ውስጥ ለማለፍ ብቻ እንኳ ቪዛ የሚጠየቁ 12 አገሮችን ዘርዝሯል፤ ከነዚህም አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሆኖም የሸንገን ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ እንዲሁም ጸንቶ ያለ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። ጓደኛችን ቦሌ ላይ ሳይመለስ የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ነገር ግን ነፃነቱ በክልሉ ውስጥ ለመቆየት ነው እንጂ ወደ ሻንጣው አዳራሽ ለመሻገር አይደለም።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ፍራንክፈርት፣ ከዚያም ወደ ቶሮንቶ የሚወስድ ቲኬት ቢገዛ፣ ከሮም እስከ ፍራንክፈርት ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ በረራ ይቆጠራል። ስለዚህ ሮም ላይ በኬላው መግባት ግድ ስለ ሆነ የማለፊያ ቪዛም ሆነ ነፃነቱ አይበቃውም፤ እውነተኛ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ሻንጣው እስከ ቶሮንቶ ቢላክም ይህ አይለወጥም።

በአሜሪካ ደግሞ ለዓለም አቀፍ ተጓዥ የመሸጋገሪያ ክልል የሚባል ነገር የለም። በአገሩ ውስጥ አልፎ ወደ ሌላ አገር የሚሄድም እንኳ ቪዛ ይጠየቃል፤ የማለፊያው ቪዛ ሲ-1 ይባላል። ሻንጣው ወደ ሎስ አንጀለስ የተላከ ቢሆንም ተጓዡ በመጀመሪያ በሚያርፍበት ከተማ፣ ዋሽንግተን እንበል፣ ፓስፖርቱን አስመርምሮ ሻንጣውን ራሱ አንሥቶ በጉምሩክ ካለፈ በኋላ እንደገና ያስረክባል። ተከታዩ አይሮፕላን በማግስቱ የሚነሣ ከሆነ ብዙ ኩባንያዎች ሻንጣውን በዚያው ማታ ስለማይቀበሉ ሻንጣውም ከባለቤቱ ጋር ያድራል። ሆቴል ሲመረጥ ይህ መታሰብ አለበት።

ስለ ስንቅም አንድ ቃል እንጨምር። ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት በተጓዥ ሻንጣ ማስገባት ክልክል ስለ ሆነ ቋንጣና ቅቤ እዚያው ይቀራሉ። በአሜሪካ ደግሞ ማናቸውም ምግብ መነገር አለበት፤ ያልተነገረ ነገር ከተገኘ እስከ 1,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። ይህ ምርመራ የሚደረገው በመጨረሻው ከተማ ሳይሆን በመጀመሪያዪቱ ስለ ሆነ፣ ለቋንጣ ሲባል ተከታዩ አይሮፕላን ሊያመልጥ ይችላል።

ስለ ሰዓቱና ስለ እጅ ሻንጣው

ሌሊት ያለበት ጉዞ ለእኛ ሌላ ችግር አለው። በእኛ ልማድ ቀን የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ በቲኬቱ ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ቲኬቱ «15 ኦገስት፣ 00:30» ቢል ተጓዡ ቦሌ መገኘት ያለበት በ14ኛው ቀን ማታ በ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በ15ኛው ቀን ማታ ዘመዶቹን አስከትሎ የሚመጣ ሰው አይሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው!

ማታ ማታ ከቦሌ በአነስተኛ አውቶቡስ ወደ ሆቴል የሚወሰዱትን መንገደኞች ያስተዋለ ሰው አብዛኞቹ የያዙት ትንሽ የእጅ ሻንጣ ብቻ መሆኑን ያያል፤ ትልቁ ሻንጣ በጣቢያው አድሯል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ልብስ፣ መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቅበላ ደብዳቤና የስልክ መሙያ ባትሪ ከእጅ መለየት የለባቸውም። የመሙያ ባትሪ እንዲያውም በሚረከበው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆ ሻንጣው ቢዘገይስ? ከአዳራሹ ሳይወጡ ማመልከትና የማመልከቻውን ቁጥር መቀበል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል በተደረገው ስምምነት መሠረት ለተበላሸ ሻንጣ በደረሰ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ ከተረከቡበት አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መክሰስ ያስፈልጋል። መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ያለፈው ሻንጣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። የካሣው ወሰን ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ነው። ቀኑን ያሳለፈ ግን እውነት ቢኖረውም መብቱን ያጣል።

በመጨረሻ በቦሌ ሻንጣ የሚረከበውን ሠራተኛ በከንቱ እንዳንወቅስ እናሳስባለን። ያለ በቂ ወረቀት የሄደውን ሰው ኩባንያው በራሱ ወጪ እንዲመልሰው ይገደዳል፤ በብዙ አገርም መቀጫ ይከፍላል። ሠራተኛው የሚጠብቀው ይህን ነው፤ የእኛን ጉዳይ መጠበቅ ግን የእኛው ፈንታ ነው። ሁለቱ ቲኬቶች ያተረፉት ገንዘብ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለካፖርትና ለጫማ ማለቁን ጓደኛችን ራሱ ነግሮናል። እንግዲህ ቲኬት ከመግዛታችን በፊት ሻንጣችን የት እንደሚያድር እንጠይቅ፤ ሻንጣችንን ስናስረክብም ሦስቱን ፊደላት እናንብብ።