325 ምጣድ በአንድ ክፍል

የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 4 ኪሎዋት ይስባል። አሁን 325 ምጣድ በአንድ መኝታ ቤት ተጥዶ ሁሉም በአንዴ ሲግል አስቡት፤ 1.3 ሜጋዋት ማለት ነው። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር በሆነ፣ በሩ በተከፈተ ክፍል የተነሳ እሳት እዚህ ልክ ሲደርስ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠላል። ነበልባል ያልነካው ሶፋ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ ሁሉ ይነዳል። ባለሙያዎቹ ፍላሽኦቨር ይሉታል።

ቁጥሩን ያሰላሁት እንግሊዛዊው የእሳት ተመራማሪ ፊሊፕ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ቀመር ነው። የሚጠይቀው የግድግዳውን፣ የጣሪያውንና የወለሉን ስፋት፣ የበሩንም ልክ ብቻ ነው። እኔን ያስደነቀኝ በሩ ነው፤ ከድምሩ ሁለት ሦስተኛውን የሚይዘው በእሱ በኩል የሚወጣው ሙቀት ነው።

ነገሩ የሚበስለው ጣሪያ ሥር ነው። የታመቀው ጭስ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ 20 ኪሎዋት ገደማ ይለቃል። የጠራ ሰማይ የቀትር ፀሐይ የምትሰጠን 1 ኪሎዋት ያህል ነውና፣ 20 ፀሐይ አናት ላይ ወጣ ማለት ነው። ጭሱ 300 ዲግሪ ላይ ሳለ ጨረሩ ከዚህ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

ጊዜውስ? መሐንዲሶች «ፈጣን» ብለው የሚመድቡት እሳት በ1 ደቂቃ 42 ምጣድ ያህላል። በ2 ደቂቃ 84 አይደለም፣ 169 ነው። 2 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ ላይ 325 ይሞላል። ዛሬ ቤታችንን የሞላው ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ደግሞ ለእሳት ይመቸዋል፦ የአሜሪካው አንደርራይተርስ ላቦራቶሪስ ዘመናዊና የቀድሞ ዕቃ የሞላባቸውን ክፍሎች አቃጥሎ ሲያነጻጽር፣ ዘመናዊዎቹ ከ5 ደቂቃ በታች ተቀጣጠሉ፤ የቀድሞዎቹ ግን 29 ደቂቃ አልፏቸዋል።

ውስጥ የገባ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይህን በዓይኑ አይቶ መገመት ይከብደዋል፤ ጭሱ ጋርዶታል። የሙቀት ጠቋሚዎችም 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይበላሻሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በኮምፒውተር በሺዎች የሚቆጠሩ ቃጠሎዎችን አስመስለው ያሠለጠኑት ፒ-ፍላሽ የተባለ ሞዴል ጠቋሚዎቹ ዝም ካሉም በኋላ ቅጽበቱን ይተነብያል፤ እስከ 30 ሰከንድ ቀድሞ።

30 ሰከንድ ያንሳል? በዚያ ፈጣን እሳት ስሌት፣ በመጨረሻዎቹ 30 ሰከንዶች ብቻ 107 ምጣድ ገደማ ይጨመራል።