የጥምቀት ውኃና የመጻጉዕ አቤቱታ

ጥምቀት በአገራችን በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በደማቅ ሥነ ሥርዓት የሚከበር ዐቢይ በዓል ነው። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ። በደባርቅና በዳባት፣ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ገጠሮችም ሊቃውንቱ በያሬዳዊ ዜማ፣ ወጣቱ በሆታ፣ እናቶች በእልልታ አጅበው ይሸኛሉ። በማግሥቱ ውኃው ሲባረክ ጠበሉ እንዲደርሰው የማይሽቀዳደም የለም። ቁልቁለቱን መውረድ የተሳነው ግን ከቤቱ ደጅ ቀርቶ እልልታውን ከሩቅ ይሰማል።

ይህን ባየን ቁጥር በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጻፈው የመጻጉዕ ታሪክ ትዝ ይለናል። ይህ ሰው 38 ዓመት በደዌ ተይዞ ኖሯል። አቤቱታው የውኃ እጦት አልነበረም፤ ውኃው ከፊቱ ነበርና። ያጣው ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያወርደውን ሰው ነው። ጌታችንም ፈወሰው፤ አልጋውን ራሱ ተሸክሞ እንዲሄድም አዘዘው።

በአገራችንም የሕጉ ውኃ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፣ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ይደነግጋል። የሥራ መብታቸውን በሚመለከት አስቀድሞ የወጣው አዋጅ ቁጥር 101/1986 የተለዩ የሥራ መደቦችን ይጠብቅላቸው ነበር። ይህ አሠራር ግን በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት የማይችሉ አስመስሎ እንዳሳያቸው ታምኖበት፣ አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ተተካ። ይኸኛው በቅጥር፣ በደረጃ ዕድገትና በሥልጠና አድልዎ እንዳይፈጸም ይከለክላል፤ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ያዝዛል። አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ የሚከስ ሰውም የማስረዳት ሸክም የለበትም። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች።

ንጉሥ ዳዊትም ያደረገው ይህንኑ የመሰለ ነው። በልጅነቱ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሽባ የሆነውን ሜምፊቦስቴን ምጽዋት ሰጥቶ አላሰናበተውም። የአያቱን የሳኦልን እርሻ መለሰለት፣ የሚያርስለትን ሲባን መደበለት፣ ከማዕዱም አስቀመጠው።

ይሁን እንጂ ከሕጉ ውኃ የሚያደርሰው መንገድ በስሜን ግርጌ ረጅም ነው። መሥሪያ ቤቱም ሆነ የሙያ ማሠልጠኛው የሚገኘው በአብዛኛው በከተማ ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ያለ፣ እግሩ የሰለለ ልጅ ከማሳው ማዶ የሚገኘውን ትምህርት ቤት እንኳ ሳይረግጥ ሊያድግ ይችላል፤ ፊደል ያልቆጠረ ደግሞ የሥልጠናውን መግቢያ መስፈርት አያሟላም። መስማት የተሳናት ልጃገረድ በምልክት ቋንቋ የሚያስተምራት ካላገኘች ሥልጠናው ለእርሷ ዝምታ ብቻ ነው። ረዳት ይመደብ የሚለው አንቀጽም በጀት ካልተያዘለት ከወረቀት አይወርድም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ፣ ጭና ድረስ ዘልቆ የንጹሐንን ሕይወት ቀጥፏል። ጦርነት ከሙታን ሌላ አካላቸው የጎደለ ሕያዋንንም ትቶ ያልፋልና ጉዳዩ የጥቂት ቤተሰቦች ብቻ አይደለም።

እንግዲህ የሚያወርደው ሰው ማን ነው? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሠራበት የቆየው ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎት አንድ መልስ ይሰጣል። ባለሙያው አካል ጉዳተኛውን ከቢሮ ሆኖ አይጠብቅም፤ ከቤቱ ድረስ ይሄድለታል።

ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ከጥንት ታውቀዋለች። ዓይነ ሥውራን ተማሪዎች በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውንና ቅኔውን በቃል አጥንተው ሊቃውንት ሆነዋል፤ ወንበር ተክለውም አስተምረዋል። ለወንበሩ ያበቃቸው ዕውቀታቸው ነው። ሆኖም ከመምህሩ ደጅ እስኪደርሱ በትር ይዞ የመራቸው ባልንጀራ ነበራቸው።

በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ወንድማችን የምንዘረጋው ምጽዋት የተባረከ ነው፤ ማንም አያስቀረውም። ነገር ግን ሳንቲሙን ሰጥተን ስሙን ሳንጠይቅ ካለፍን፣ በመጪው ጥምቀትም ከዚያው ቦታ እናገኘዋለን። ልጁን እንደ እርግማን ቆጥሮ ከጓዳ የደበቀ ወላጅ ቢኖር፣ ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እርሱም ሆነ ወላጆቹ በድለው እንዳልሆነ መመለሱን ያስብ። ሰበካ ጉባኤያትም በአጥቢያቸው ያሉትን አካል ጉዳተኞች ለይተው ከወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይና ከሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች ቢያገናኙ፣ ጎረቤትም በቅሎውን ጭኖ እስከ ምዝገባው ቢያደርስ፣ አዋጁ ከእነርሱ መንደር ደረሰ ማለት ነው። ጽሕፈት ቤቶቹም የመጣውን ተቀብለው፣ ለሥልጠናው በጀት፣ ለሠለጠነውም የመነሻ መሣሪያ እንዲያዘጋጁ ይጠበቃል።

ታቦታቱን አጅበን ስንወርድ ከኋላችን የቀረ ካለ ዘወር ብለን እንይ። በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን፤ አሜን።