ተጨማሪ መረጃ፦ መርፌው ውስጥ የቀረው ደም

አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ኤች አይ ቪ የሚይዛቸው ከዕፁ ሳይሆን በጋራ የተጠቀሙበት ሲሪንጅ ውስጥ ከቀረው ደም ነው። «ቫይረሱ ከሰውነት ሲወጣ ወዲያው ይሞታል» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሲሪንጅ ውስጥ፣ እንደ አካባቢው ሙቀት፣ እስከ 42 ቀን ሊቆይ ይችላል። ቅዝቃዜ ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ የሱሉልታን ብርድ ለሚያውቅ ይህ መልካም ዜና አይደለም። ዕፁ የሚሟሟበት ማንኪያና ውኃም ከተጋሩት ያው ነው።

አምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1984 አሮጌ መርፌ ተቀብላ በአዲስ መለወጥ ጀመረች፤ መነሻዋ ግን ኤች አይ ቪ ሳይሆን የጉበት በሽታው ሄፓታይተስ ቢ ነበር።

ሰበታ ወይም ቡራዩ ውስጥ አንድ ሰው በሌላ ሰው መርፌ ቢወጋ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ለ28 ቀን የሚዋጠው መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይረዳም፤ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ደግሞ ይበልጥ ይሻላል።